የእጥበት ካቴተርና የደም ኢንፌክሽን፦ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሕክምና

በኩላሊት እጥበት ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትዕይንት አለ። ታካሚው በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ናቸው እንበል። ጠዋት ከቤታቸው ሲመጡ ደህና ነበሩ፤ ክብደታቸው ተመዝኖ፣ የደም ግፊታቸው ተለክቶ፣ አንገታቸው ሥር ያለው ካቴተር ከማሽኑ ጋር ተገናኝቶ እጥበቱ ተጀምሯል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄደ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ይስቡና «ሲስተር፣ ብርድ ብርድ አለኝ» ይላሉ። ብርድ ልብስ ይደረብላቸዋል፤ አይበቃም። ጥቂት ቆይቶ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፋል፣ ሙቀታቸው ሲለካ 39 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው «አባዬን ባለፈው ታጥበው የገቡ ቀንም እንዲሁ አድርጓቸው ነበር፤ ምች ነው ብለን ዳማከሴ ሰጠናቸውና አደሩ፣ ጠዋት ተሻላቸው» ትላለች።

ልጅቷ የተናገረችው ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው። ብርድ ብርድ ማለቱ በእጥበት ቀን መጥቶ፣ በማግሥቱ ሄዶ፣ በሚቀጥለው እጥበት መመለሱ ምንጩን ይጠቁማል። ማሽኑ ደሙን በካቴተሩ ውስጥ በኃይል ሲስብና ሲመልስ፣ በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የነበሩ ባክቴሪያዎች እየተላቀቁ በቀጥታ ወደ ደም ይገባሉ፤ ሰውነትም በመንዘፍዘፍና በትኩሳት ይመልሳል። እጥበቱ ሲያልቅ ካቴተሩ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ትኩሳቱ ሊበርድ ይችላል። ብዙ ታካሚዎችንና ቤተሰቦችን የሚያዘናጋው፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት የሚያስከፍለው ይህ የመሐል ጊዜ ፋታ ነው።

ካቴተሩ ሁለት መስመር ያለው ለስላሳ ቱቦ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ባለው የአንገት ደም መላሽ ሥር ገብቶ ጫፉ ወደ ልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል መግቢያ ይደርሳል። በአንዱ መስመር ደም ወደ ማሽኑ ይወጣል፣ በሌላው ታጥቦ ይመለሳል። ቆዳችን ተሕዋስያንን የሚያግድ አጥር ነው፤ ካቴተሩ ደግሞ ይህን አጥር በስቶ ከውጭው ዓለም እስከ ልብ ደጃፍ የሚዘልቅ መንገድ ነው። ባክቴሪያ የሚገባው በሁለት በኩል ነው፦ ከመውጫው ቀዳዳ ተነሥቶ በቱቦው ውጫዊ ግድግዳ ላይ እየተጓዘ፣ ወይም ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር በውስጠኛው መስመር። የሁለተኛውን ስፋት ለመረዳት መቁጠር ይበቃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በእያንዳንዱ እጥበት ሁለቱ የቱቦ ጫፎች ሲገናኙ አንድ ጊዜ፣ ሲለያዩ አንድ ጊዜ ይነካሉ፤ ይህ በሳምንት 12፣ በዓመት ከ600 በላይ ይሆናል። ከፍሎ መታጠብ አቅም ስለሚጠይቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚታጠብ ሰው እንኳ፣ በአገራችንም እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ቁጥሩ ከ400 ይበልጣል። ከእነዚህ መካከል አንዷ በጥድፊያ የተሠራች ብትሆን በቂ ናት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ያለውን መረጃ መሠረት አድርጎ እንዳስታወቀው፣ በዚያች አገር በእጥበት ላይ ያሉ አዋቂዎች ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በሚባል ባክቴሪያ በሚመጣ የደም ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ100 እጥፍ ይበልጣል፤ ከእጥበት መንገዶች ሁሉ ደግሞ ካቴተር ከፍተኛውን አደጋ ያስከትላል።

የዚህን ሕመም ሕክምና ከሌላው ኢንፌክሽን የሚለየው ባክቴሪያው በቱቦው ላይ የሚሠራው ቤት ነው። ባክቴሪያዎች በፕላስቲክ ላይ ሲቀመጡ በቀናት ውስጥ ዙሪያቸውን ዝልግልግ በሆነ ሽፋን ይከባሉ፤ ባለሙያዎች ባዮፊልም ይሉታል። ለረጅም ጊዜ ውኃ የተቀመጠበት ጀሪካን ውስጡ ሲዳሰስ የሚያሟልጨው ነገር የዚሁ ዓይነት ነው። ጀሪካኑን በውኃ ብቻ ብናለቀልቀው ውኃው ንጹሕ መስሎ ይወጣል እንጂ ግድግዳው አይጸዳም። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክም እንዲሁ በደም ውስጥ የሚንሳፈፉትን ባክቴሪያዎች ይገድልና ትኩሳቱ ይጠፋል፤ በሽፋኑ ሥር ያሉት ግን ይተርፋሉ። መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ትኩሳት በዚያው እጥበት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የትኛው መድኃኒት?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «ቱቦው ምን ይሁን?» የሚለውን አብሮ መያዝ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመሙ መታወቅ አለበት። ካቴተር ያለው ሰው ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ሲይዘው፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ምንጩ ካቴተሩ ነው ተብሎ ይታሰባል። በእኛ አገር ይህን ደንብ የሚያስረሳ ልማድ አለ። ትኩሳት የያዘው ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄዶ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ እነዚህ ምርመራዎች በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ «ፖዘቲቭ» ሊሉ ስለሚችሉ ውጤቱ እንደ በሽታው ማረጋገጫ ተወስዶ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ይሰጠዋል። ወባ ያለበት አካባቢ ከሆነ ወባን መመርመር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው «አንገቴ ላይ የእጥበት ቱቦ አለ» ሳይል ከወጣ፣ ባለሙያውም አንገትልብሱን ገልጦ ሳያይ ካሰናበተው፣ ውድ ቀናት ይባክናሉ። በተጨማሪም ትኩሳት የሌለበት የደም ኢንፌክሽን መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ሙቀታቸው ሳይጨምር ግፊታቸው ሊወርድ፣ ሊደክሙ፣ ነገር ሊምታታባቸው ይችላል። የካቴተሩ መውጫ ቀዳዳ ንጹሕ መሆኑም ማስተማመኛ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ በቱቦው ውስጥ ሲሆን ቆዳው ላይ መቅላትም መግልም ላይታይ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ርምጃ የደም ካልቸር ነው፤ ይህም ደሙ በጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። ደሙ የሚወሰደው የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ጠብታ ከመሰጠቱ በፊት ነው። አንድ መጠን እንኳ ቀድሞ ከተሰጠ በጠርሙሱ ውስጥ ምንም ላይበቅል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሕክምናው የሚካሄደው በግምት ይሆናል። ናሙናው ቢያንስ ከሁለት ቦታ መወሰድ ይኖርበታል፤ አንዱ ከካቴተሩ፣ ሌላው ከክንድ ደም ሥር ወይም ታካሚው በማሽን ላይ ከሆነ ከእጥበቱ የደም መስመር። በአዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ በደም ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ደም መውሰድ በሽታውን አምልጦ የመሄድ ዕድል ይሰጠዋል። ጠርሙሶቹ እስከ 5 ቀን ድረስ በማሞቂያ ውስጥ ይቆያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የመጀመሪያው ፍንጭ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገኛል። ጠርሙሱ የሚበቅልበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ባለበት ላቦራቶሪ፣ ከካቴተሩ የተወሰደው ደም ከክንዱ በ2 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከበቀለ ምንጩ ካቴተሩ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ካልቸር የማይሠራበት ተቋም ውስጥ ያለ ታካሚ ወደሚሠራበት ቢላክ፣ ወይም ናሙናው ተወስዶ ቢላክለት፣ ድካሙ በከንቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም የሳምንታት ሕክምና የሚቆመው በዚህ ውጤት ላይ ነው።

ደሙ ከተወሰደ በኋላ ግን ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀመራል። የሚጠረጠሩት ባክቴሪያዎች ሁለት ወገን ስለሆኑ መድኃኒቱም ሁለቱን መሸፈን አለበት። አንደኛው ወገን ቆዳ ላይ የሚኖሩት የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል የፔኒሲሊን ዘመድ የሆኑትን መድኃኒቶች የተላመዱ ስላሉ ብዙ ጊዜ ቫንኮማይሲን ይመረጣል። ሁለተኛው ወገን ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት፣ ማለትም እንደ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሱዶሞናስ ያሉት ናቸው፤ ለእነሱ እንደየተቋሙ ሁኔታ ሴፍታዚዲም፣ ሴፌፒም ወይም ጄንታማይሲን ይጨመራል። ጄንታማይሲን በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ መስማትንና ሚዛን መጠበቅን ሊጎዳ፣ የቀረውንም ጥቂት ሽንት ሊያደርቅ ስለሚችል በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። በየክሊኒኩ የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ለኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን ማስተካከል የማይጠይቅ መሆኑ ምቹ አድርጎታል፤ ሆኖም መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስም፣ ኢንትሮኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያም፣ ሱዶሞናስንም አይነካም። ስለዚህ ለዚህ ሕመም ብቻውን የሚታመኑበት አይደለም።

የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ መድኃኒቱ በተገኘው ባክቴሪያ ልክ ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብን ቅር የሚያሰኝ ነገር ይፈጠራል፤ ውድ ከሆነው ቫንኮማይሲን ወደ ሴፋዞሊን ሲቀየር «ጠንካራውን ትተው ቀላሉን ሰጡት» የሚል ቅሬታ ይሰማል። እውነታው ሌላ ነው። ስታፊሎኮከሱ ያልተላመደ ዓይነት ከሆነ ሴፋዞሊን ከቫንኮማይሲን ይልቅ ፈጥኖና በተሻለ ሁኔታ ይገድለዋል፤ በቫንኮማይሲን መቀጠል ታካሚውን ይጎዳል።

የአሰጣጡ ጉዳይም ለእጥበት ታካሚ የተለየ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ስለማይሠራ አብዛኞቹ በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ መወጋታቸው ቀርቶ ከእጥበቱ ጋር ተያይዘው ይሰጣሉ። ቫንኮማይሲን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ታስቦ፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም፣ በእጥበቱ ማብቂያ ላይ በዝግታ ይንጠባጠባል፤ ቶሎ ከገባ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ግፊትም ይወርዳል። ሴፋዞሊን ደግሞ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ 2 ግራም፣ ቀጣዩ እጥበት ሦስት ቀን የሚርቅ ከሆነ 3 ግራም ይሰጣል። ይህ ስሌት የተሠራው በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠብ፣ ወይም ገንዘብ አጥሮት አንድ ቀን የዘለለ ታካሚ፣ እጥበቱን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ዘለለ ማለት ነው፤ በመሐሉ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ወርዶ ባክቴሪያው እፎይ ይላል። ስለዚህ የሳምንቱ የእጥበት ቀናት ስንት እንደሆኑ ሐኪሙ በግልጽ ሊያውቅና እንደ አስፈላጊነቱ በመሐል ቀናት የሚሰጥ መጠን ሊያዝ ይገባል። ታካሚውም «በሚቀጥለው ላልመጣ እችላለሁ» የሚለውን ነገር በኀፍረት መደበቅ የለበትም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንመለስ። ካቴተሩን ማውጣት ባክቴሪያውን ከነቤቱ መጣል ስለሆነ በሕክምናው በኩል ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። ነገር ግን ያው ቱቦ የታካሚው የሕይወት መስመር ነው፤ አዲሱን ከውጭ ገዝቶ ማምጣት ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ በተደጋጋሚ ቱቦ የገባባቸው የአንገት ደም ሥሮችም ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ማስገቢያ ቦታ ይጠፋል። ለዚህ ነው ውሳኔው እንደየሁኔታው የሚለያየው።

ሳይዘገይ መውጣት ያለበት ጊዜ አለ። ግፊቱ የወረደና ኢንፌክሽኑ ሰውነቱን የጣለው ታካሚ፣ ካቴተሩ ከቆዳ ሥር በሚያልፍበት መንገድ ላይ መግል የያዘ፣ ተገቢው መድኃኒት ተጀምሮለት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ትኩሳቱ ያልበረደ ወይም ካልቸሩ ያልጸዳ፣ እንዲሁም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ሱዶሞናስ ወይም ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ የተገኘበት ሰው ቱቦው መውጣት አለበት። ጊዜያዊ የሚባለው፣ ከቆዳ ሥር መንገድና የጨርቅ ቀለበት የሌለው ካቴተርም እንዲሁ፤ እሱን ለማዳን መሞከር ትርፍ የለውም። ቋሚ በሚባለው ካቴተር ላይ ግን ታካሚው ከተረጋጋ፣ ትኩሳቱ በሁለት ሦስት ቀን ከጠፋና መውጫው ቀዳዳ ንጹሕ ከሆነ፣ አሮጌው ወጥቶ በዚያው መንገድ በሽቦ መሪነት አዲስ ሊተካ ይችላል፤ የደም ሥሩ ሳይባክን ባዮፊልሙ ተጣለ ማለት ነው። ሦስተኛው አማራጭ ካቴተሩን ትቶ፣ ከእጥበት በኋላ በሁለቱ መስመሮች ውስጥ ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ሄፓሪን ጋር የተቀላቀለ ከፍተኛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ ሞልቶ እስከ ቀጣዩ እጥበት ማሳደር ነው። ይህ በደም ሥር ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር አብሮ እንጂ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያመረቃውም ኃይላቸው ደከም ባሉት የቆዳ ስታፊሎኮከሶችና በአንዳንድ ግራም ኔጌቲቮች ላይ ነው።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ቢቻል ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ያለ ካቴተር መቆየት፣ ደሙ መጽዳቱ በካልቸር ሲታይም አዲሱን ማስገባት ይመከራል። እነዚህ ቀናት ያለ እጥበት የሚታለፉ ስለሆኑ ፖታስየም የሚበዛባቸውን እንደ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ድንችና ቲማቲም ያሉትን መተው፣ ውኃና ጨው መቀነስ ግድ ይላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፖታስየሙ ከፍ ካለ ግን አይጠበቅም፤ ለአንድ እጥበት የሚሆን ጊዜያዊ ቱቦ በጭን በኩል ይገባል።

ሕክምናው የሚቆይበት ጊዜ በባክቴሪያው ይወሰናል። ለቀላሎቹ የቆዳ ስታፊሎኮከሶች ቱቦው ከወጣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል፤ ለግራም ኔጌቲቮችም ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። ካንዲዳ ካልቸሩ ከጸዳበት ቀን ተቆጥሮ ሁለት ሳምንት ይታከማል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ ይህ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ በልብ ቫልቭ፣ በጀርባ አጥንት፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ መሸሸግ ልማዱ ነው። የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው፤ ቫልቩ ከተያዘ ሕክምናው ወደ 6 ሳምንት፣ የጀርባ አጥንት ከተያዘ እስከ 8 ሳምንት ይረዝማል። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ አዲስ የጀርባ ሕመም የጀመረው፣ በተለይም እግሩ የደነዘዘ ወይም የደከመ ሰው፣ በአልጋ አለመመቸት ሳያመካኝ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ከዘመድ ኩላሊት ለመቀበል ወረፋ የያዘ ሰውም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው ከተጀመረ ወዲህ ይህ ተስፋ በአገር ውስጥም አለ፣ ኢንፌክሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ቀዶ ሕክምናው አይደረግለትም።

መከላከሉ በአብዛኛው በነርሷ እጅና በታካሚው ዓይን ላይ የቆመ ነው። ቱቦው ሲከፈት ነርሷም ታካሚውም ማስክ ያደርጋሉ፣ እጅ ይታጠባል፣ አዲስ ጓንት ይደረጋል፣ የቱቦው ጫፍ በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ቢያንስ ለ15 ሰከንድ በደንብ ይፈተጋል። ታካሚው ይህ ሲዘለል ካየ «ሲስተር፣ አልተፈተገም መሰለኝ» ማለት መብቱ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም አይቀየምበትም። ቱቦው ለእጥበት ብቻ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ደም ሥር ስለጠፋ ተብሎ ግሉኮስ አይሰጥበትም። መውጫው መርጠብ የለበትም። ጸበል የሚሄዱ ሰዎች ራሳቸው ላይ ከሚያፈሱ ይልቅ እግርና እጃቸውን ቢያስነኩ፣ ጉዳያቸውንም ለካህኑ ቢያስረዱ፣ እምነታቸውም ቱቦአቸውም ይጠበቃል።

ዘላቂው መፍትሔ ፊስቱላ ነው፤ በክንድ ላይ ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ሥር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት። የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ጊዜያዊ ካቴተር ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ ቢመክርም፣ በእኛ አገር ለወራት ተሸክሞት የሚመላለስ ሰው ማየት እንግዳ አይደለም። ፊስቱላ ለአገልግሎት እስኪበቃ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅ ቀጠሮው እጥበት በተጀመረበት ሰሞን መያዝ አለበት፤ የማይጽፉበት እጅ ደም ሥሮችም ለመርፌና ለግሉኮስ እንዳይነኩ ከወዲሁ መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ፊስቱላው በሁለት መርፌ በተከታታይ እጥበቶች ያለ ችግር ከሠራ በኋላ ብዙ ታካሚዎች «ቱቦው ለመጠባበቂያ ይቆይልኝ» ብለው ይለምናሉ። ፍርሃታቸው የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ አገልግሎት የማይሰጥ ካቴተርም ባዮፊልም ስለሚሠራበት፣ ፊስቱላው መሥራቱ በተረጋገጠበት ሳምንት ቱቦው እንዲወጣ ቀጠሮ ይያዝለታል።